ጎርፍ የሚጠብቁት የሰቆጣ ዓሦች

ከጣና ዳር

ከባሕር ዳር የተነሳሁት የሰኔ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጣና ጉም ለብሶ ባደረበት ማለዳ ነው። መድረሻዬ ሰቆጣ፣ ጉዳዬ ዓሣ ነበር። መናኸሪያው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ልጄ፣ ሰው ዓሣ ፍለጋ ወደ ጣና ይመጣል እንጂ ጣናን ጥሎ ወደ ዋግ ይሄዳል እንዴ?»

«ፍለጋ አይደለም አባባ። እዚያ ያሉት አልወልድ ብለው ነው።»

ደግመው አልሳቁም። ጥቂት አሰቡና «እንግዲህ እግዜር ይርዳሽ» ብለው መረቁኝ።

ሥራዬ ዓሣ ማራባት ነው። ያስጠራችኝ ወይዘሮ ጥሩነሽ ትባላለች። ከሰቆጣ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ የአካባቢው ሴቶችና ከአበርገሌ ተፈናቅለው የመጡ ጥቂት ሰዎች በጋራ የቆፈሩት የዓሣ ኩሬ አለ፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሷ ናት። በስልክ ያለችኝ እንዲህ ነበር፤ «አምባዞቻችን ካደጉ ቆዩ። ክረምት ሲገባ የሴቶቹ ሆድ ይነፋል፣ መስከረም ሲጠባ ይሟሽሻል። ልጅ የሚባል ነገር የለም። ሰው መካኑ ኩሬ እያለ ይስቅብናል። ዘንድሮም ካልወለዱ ቀበሌው ቦታውን ለችግኝ ጣቢያ ሊወስደው ነው።»

አምባዛ ያ ጺማሙ፣ ጭንቅላተ ጠፍጣፋው፣ ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው። የጥሩነሽን ቃል ስሰማ ግን ትዝ ያለኝ አምባዛ ሳይሆን የሕንድ ውቅያኖስ ነበር። ከዓመታት በፊት ኬንያ ውስጥ፣ ሞምባሳ አጠገብ፣ የባሕር ዓሣ በገንዳ እንዴት እንደሚረባ ለመማር ሄጄ ነበር። እዚያ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሴቷ ዓሣ በገንዳ ውስጥ በልታ ትጠግባለች፣ ትወፍራለች። ጉበቷ ስንቁን እየሠራ በደሟ በኩል ይልካል፤ እያንዳንዱ እንቁላል እንደ ጎተራ ይሞላል። የሚቀራት አንዲት እርምጃ ናት፤ እንቁላሉ ውሃ ስቦ፣ እንደ ብርጭቆ ጠርቶ መውጣት። ያችን እርምጃ የምታዘው ከአንጎሏ ሥር የተንጠለጠለች ትንሽ እጢ ናት። ገንዳ ውስጥ ግን እጢዋ መልእክቱን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ አትልከውም። ጥልቁ ባሕር የለም፤ ሞገዱ የለም፤ ዘመዶቿ የሚነጉዱበት መንገድ የለም። ስለዚህ ትጠብቃለች። ጊዜው ሲያልፍባት የሞላችውን ሁሉ መልሳ ከገዛ ሰውነቷ ጋር ታዋህደዋለች። ይህን መጀመሪያ በማጉያ መነጽር ያየሁ ዕለት ባሕሩን ሳይ ዋልኩ።

ከባሕር በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ተራራ ላይ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ ያሉት አምባዞችም በሽታቸው ይኸው መሰለኝ። አምባዛ የሚወልደው ክረምት ወንዝና ሐይቅ ሞልቶ ሣሩን ሲያጥለቀልቅ ነው። ኩሬ ደግሞ ጎርፍ አያውቅም።

በቢልባላ በኩል

መንገዱ ክፍት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ደጋግመው ካረጋገጡልኝ በኋላ ነበር የተነሳሁት። ደብረ ታቦርን አልፈን ጋይንት ስንደርስ ብርዱ በመስኮት እየገባ ተሳፋሪውን ሁሉ ጋቢ አስደረበው። ጋሸና ላይ ሽሮ በላን፤ ጉሙ እጅግ ከመውረዱ የተነሳ ከምግብ ቤቱ ስንወጣ አውቶቡሱን በጥሩምባው ድምፅ ነው ያገኘነው። ላሊበላ አደርኩና በማግስቱ ለሰቆጣ የሚጭን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ታሪፉ ከአምናው በእጥፍ ጨምሯል። ረዳቱን ብጠይቀው «ቤንዚኑን ጠይቂው» አለኝ።

ጭኔ ላይ የያዝኩት የክትባት ማጓጓዣ ሳጥን ነበር። በውስጡ፣ በበረዶ መካከል፣ ለአምባዞቹ የምወጋው ሆርሞን አለ። ሆርሞኑ ሙቀት አይችልም። ቢልባላን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የሚኒባሱ ሞተር ጨሰና ቆምን። ሾፌሩ ዕቃ ሊያስመጣ ደወለ፤ እኛ ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከፊታችን አንዱ አምባ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ ሩቅ ያለው ሰማይ መስሎ፣ ቅርብ ያለው ጠይም ሆኖ ይታያል። በሸለቆዎቹ መካከል የዝናብ ምሰሶ ይንቀሳቀሳል፤ እኛ ጋ ግን ፀሐዩ ያቃጥላል። እንዲህ ያለ አገር ሳይ ሁልጊዜ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። የዚያን ቀን ግን ልቤ ሳጥኔ ላይ ነበር። በረዶው ቀስ እያለ ውሃ ሆነ፤ ውሃውም ሞቀ።

ሰቆጣ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ምንም አልቀራትም። መናኸሪያው በር ላይ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎልማሳ ሰው ሳጥኔን አይቶ ወደ እኔ መጣ።

«የዓሣ አዋላጇ አንች ነሽ?»

«ልሆን እችላለሁ። አንተስ?»

«ኪሮስ እባላለሁ። ዓሦቹን ወደዚህ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

አበርገሌ ውስጥ፣ ተከዜ ግድብ ዳር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ጀልባውንና መረቡን ጥሎ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በእግሩ ሰቆጣ ገባ። መንገድ ሲከፈት አንድ ቀን በጭነት መኪና ተመልሶ ወረደና የአምባዛ ጫጩቶች በጀሪካን ይዞ መጣ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መዳፎቹን ገልብጦ አሳየኝ፤ «ሥራ ፈቱ። ዓሣ ያልያዘ እጅ የኔ እጅ አልመስል አለኝ።»

ኩሬው

ኩሬው ከመስኖ ቦይ ግርጌ፣ በበለስ አጥር የተከበበ ነው። በማግስቱ ጥሩነሽ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ተቀበለችኝ። አጭር፣ ፈጣን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ለሴቶቹ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ትነግራቸዋለች፣ ለእኔ በአማርኛ ትመልስልኛለች፤ በሁለቱም ቋንቋ ስትቆጣ አንድ ዓይነት ናት።

አንዲት ሴት አምባዛ በመረብ አወጣንና እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኛናት። ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስገብቼ ጥቂት እንቁላል ሳብኩ። በማጉያው አየኋቸው። እያንዳንዱ እኩል የሞላ፣ አረንጓዴ ቡናማ፣ ክብ። ምንም አልጎደለባቸውም።

«መካን አይደሉም» አልኳት ለጥሩነሽ። «በር ላይ ደርሰው ነው የቆሙት። የሚያንኳኳላቸው አጡ።»

ይህን ለሴቶቹ ስትተረጉምላቸው አንዷ እልል አለች። አጥሩን ተደግፈው የቆሙት አባ ሹመት ግን እልልታውን በእጃቸው አስቆሙ። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ሰብሳቢ እርሳቸው ናቸው፤ ነጭ ጺማቸውን ያሳደጉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ገበሬ።

«ልጀ፣ መሬቱን የምንፈልገው ክፉ ሆነን አይደለም። ዳገቱ ሁሉ ተራቁቷል፣ ችግኝ እንሻለን። ይኸ ዓሣ ደግሞ ቅርፊት የለውም፤ እኔ ራሴ አልበላውም። ግና የሚበሉ አሉ፣ ከወለደ ይብሉ። እሑድ እንሰበሰባለን። እስከዚያ አሳዩን።»

«አሳይዎታለሁ አባ» አልኩ። ያኔም በልቤ የሞቀውን ሳጥን እያሰብኩ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ሁለት ሴት አምባዞች ወጋሁ። በማግስቱ ጠዋት ሆዳቸውን በቀስታ ስጫን ምንም አልወጣም። እስከ ቀትር ጠበቅን። ምንም። ሆርሞኑ መንገድ ላይ ሞቷል። ሌላ ለማስመጣት ብደውል የሚሰጠኝ ቀን ከእሑድ በኋላ ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ሄዱ። ጥሩነሽ ኩሬው ዳር ቁጢጥ ብላ ውሃውን ስታይ ቆይታ «እንግዲህ ችግኙም ለልጆቻችን ነው» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ያለውን መስማት ከበደኝ።

አንድ መንገድ ቀርቶ ነበር፤ ሆርሞን በፋብሪካ ሳይሠራ በፊት ዓሣ አርቢዎች ሲጠቀሙበት የኖሩት። ጎርፍ ያየች፣ ለመውለድ የተዘጋጀች አምባዛ እጢዋ መልእክቱን ሞልታ ትይዛለች። ያችን እጢ አውጥቶ፣ ፈጭቶ፣ ላልተላከላት መውጋት ይቻላል። ይህን ለኪሮስ ስነግረው «ማለት ከተከዜዋ ወስደሽ ለኩሬዋ ትሰጫታለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«እኔ ተከዜ እወርዳለሁ» አለ ወዲያው።

ቁልቁል ወደ ተከዜ

ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያላቸው የአንድ ሙስሊም ነጋዴ ልጅ፣ ዑስማን፣ በፒክአፕ ወደ አበርገሌ ፍየል ሊጭን ሲወርድ ይዞን ሄደ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም፤ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ያወራል።

«እናንተ ለዓሣ፣ እኔ ለፍየል» አለ። «ስንመለስ ማን ከማን ጋር እንደሚጫን አላህ ያውቃል።»

ፃግብጂን ስናቋርጥ ገበሬው ለጤፍ ያርሳል። በድንጋይ እርከን የተደገፉት ማሳዎች አንዳንዶቹ ከቤት ወለል አይሰፉም፤ በሬዎቹ ጫፍ ላይ ሲዞሩ ወደ ገደሉ የሚወድቁ ይመስላሉ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ተወረወረ። ጋቢውን አወለቅን፣ ቀጥሎ ሹራቡን፣ ቀጥሎ መስኮቱን ከፈትን። ቁልቋሉ ለግራር ቦታ ለቀቀ፤ አፈሩ ቀላ፤ አየሩ ምድጃ ሆነ። ኒሯቅ ከተማ ምሳ ስንበላ ኪሮስ ጾመኛ ነውና ለእሱ በማሽላ እንጀራ ሽሮ፣ ለዑስማን የአበርገሌ ፍየል ቀረበ። ለእኔ አስተናጋጇ ሳትጠይቀኝ የተጠበሰ ዓሣ አመጣች። ሁለቱም እኔን እያዩ ሳቁ።

ግድቡ ዳር የደረስነው መኪናው እስከሚችለው ሄዶ፣ የቀረውን በእግር ወርደን ነው። ከኮረብታው ጫፍ ላይ ውሃው በድንገት ተከፈተ። ከዚያ ሁሉ ደረቅ ድንጋይ በኋላ ያን ያህል ውሃ ማየት ያስደነግጣል። ሰማያዊ አይደለም፤ ዝናቡ አፈር ይዞ መግባት ጀምሮ ነበርና ጠላ መስሏል። በውሃው ውስጥ የሞቱ ግራሮች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል፤ ጫፋቸው ላይ ወፎች ተቀምጠዋል።

ኪሮስ ጫማውን አውልቆ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ።

«ከዚያ ግራር ወዲህ ያለው» አለ በአገጩ እያሳየኝ፣ «አባቴ ማሽላ የሚዘራበት ነበር። ግድቡ ሲሞላ ከሥር ቀረ። አባቴ አለቀሰ። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፣ ዓሣ መጣ ብየ ደስ አለኝ። ኋላ በጀልባ ስሄድበት፣ በአባቴ እርሻ ላይ መረብ ስጥል፣ ሁልጊዜ ቀስ ብየ ነው የምቀዝፈው።»

ከፊታችን፣ ከውሃው ሥር፣ ሰው ባረሰው ትልም ላይ፣ በዚያች ሰዓት ዓሦች ይሄዱ ነበር። ጎርፉ እየገባ ነው፤ የእነሱም እጢ ዝግጁ ነው።

አሁን እዚያ የሚያጠምዱት ሰዎች ኪሮስን ሲያዩ ጮኸው አቀፉት። ከመረባቸው ሆዳቸው የተነፋ አራት ሴት አምባዞች መረጥን። አምባዛ ቆዳው እስካልደረቀ ድረስ ከአየርም ይተነፍሳልና እርጥብ ጆንያዎች ውስጥ ውሃ የጠጣ ሣር አድርገን ከፒክአፑ ኋላ፣ ከፍየሎቹ ፊት አስቀመጥናቸው። በየመካከሉ ከጆንያው ውስጥ የትንፋሽ ድምፅ ይሰማል፤ ፍየሎቹ ጆሯቸውን ቀስረው ይሸሻሉ።

ፃግብጂ ውስጥ ከባድ ዝናብ ያዘን። ቀድመን በደረቁ የተሻገርነው ወንዝ ሞልቶ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ዑስማን ሞተሩን አጥፍቶ «የምንሻገረው ሲጎድል ነው» አለ። ወርደን ጎርፉን ቆመን አየን። ምድሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከውሃው ሥር እንደ ነጎድጓድ ያስተጋባል። ድንገት ከፒክአፑ ኋላ ጆንያዎቹ መዝለል ጀመሩ። አራቱም አምባዞች ሲፈራገጡ የመኪናው ብረት ይደበደባል፤ መንገዱን ሁሉ ጸጥ ብለው ነበር የመጡት። ኪሮስ ሮጦ ሄዶ እጁን ጆንያው ላይ ጫነ።

«ሰሙት» አለኝ፤ ዓይኑ ፈጧል።

መስማታቸውን አላውቅም። ዝናቡ ጆንያውን ስላረሰረሰው ይሆናል፤ ንዝረቱም ይሆናል። በጥናት ዘገባ ላይ የምጽፈው ነገር አይደለም። እዚያ ወንዝ ዳር ግን፣ ዝናብ እየደበደበኝ፣ እጄን ከኪሮስ እጅ አጠገብ ጆንያው ላይ አድርጌ ያ ኃይል ሲመታኝ ተሰማኝ።

በርሜሉ

የሰቆጣ ውሃ ለአምባዛ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የጥሩነሽን ቤት ማዋለጃ አደረግነው። ሁለት በርሜልና አንድ የፕላስቲክ ገንዳ ውሃ ሞላን፤ ሴቶቹ በምድጃ ውሃ እያሞቁ፣ በእኔ ቴርሞሜትር እየለኩ ይጨምራሉ። ከአራቱ የተከዜ አምባዞች አንዷ መንገድ ላይ ሞታ ነበር፤ ሦስቱ በሕይወት ደርሰዋል።

ኪሮስ የመጀመሪያዋን አረዳት። የራስ ቅሏን ከፍቼ አንጎሏን በቀስታ ገለበጥኩና ከሥሩ ያለችውን እጢ በወረንጦ አነሳኋት። ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም፤ ሐምራዊ የነካት ነጭ። መዳፌ ላይ አድርጌ ለሴቶቹ አሳየኋቸው። ጥሩነሽ ጎንበስ ብላ አየችና «ይችን?» አለች። «ይች ናት ያን ሁሉ ሆድ የምታዘው?»

«ይች ናት።»

አማተበች። ከሦስቱም ያወጣኋቸውን እጢዎች በንጹሕ ሙቀጫ ፈጭቼ፣ ከፋርማሲ በገዛነው የጨው ውሃ በጥብጬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለቱን የኩሬ ሴት አምባዞች ጀርባቸው ላይ ወጋሁ። ሴቶቹ ውሃውን ሲያሞቁ በተራ አደሩ።

ጠዋት ፀሐይ በበሩ ስትገባ አንዷን አምባዛ አውጥተን በጨርቅ ያዝናት። ሆዷን ገና ሳልጫናት እንቁላሉ ወጣ። ወጣ አይባልም፣ ፈሰሰ። አረንጓዴ ቡናማ፣ የሚያበራ፣ ማለቂያ የሌለው። ሳህኑ ሊሞላ ሆነ። የባሕሩን ዓሣ፣ ይህንንም ዓሣ፣ ስንት ጊዜ አዋልጃለሁ፤ ያን ጠዋት ግን የመጀመሪያዬ መሰለኝ።

የቀረው ወንዱ ነው። የወንድ አምባዛ ዘር ሆዱን ተጭኖ አይወጣም፤ ለመውሰድ መታረድ አለበት። ይህን ለኪሮስ ቀደም ብዬ ነግሬው ነበር። ከኩሬው ያወጣው ትልቁን ነው፤ በጀሪካን ካመጣቸው ሁሉ ቀድሞ ከእጁ መብላት የጀመረውን።

«ሌላ አለ እኮ» አልኩት።

«ሓቂ ነው፣ አለ። ብርቱው ግን እሱ ነው። ልጆቹ እሱን ይምሰሉ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቢላዋውን ያዘ። ሲጨርስ እጁን ታጥቦ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። ዘሩን ከእንቁላሉ ጋር በላባ ቀላቅዬ ውሃ ጨመርኩበት። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በጣም ፈጣን ነው፤ ውሃው እንደነካው ሕይወት ወይ ይጀምራል ወይ ለዘላለም ያመልጣል። እንቁላሉን በገንዳ ውስጥ በተዘረጋ አጎበር ላይ በተንነው። እንደ ሙጫ እየተጣበቀ ቀረ።

ማጉያው

በማግስቱ ከእንቁላሉ ብዙው ነጭ ሆኖ ነበር። ነጭ ማለት የሞተ ነው። ውሃው በሌሊት አንድ ጊዜ ቀዝቅዞባቸዋል። ሴቶቹ የሞተውን ከሕያው እየለዩ ሲያወጡ ፊታቸው ጠቆረ፤ ጥሩነሽ «ሁሉም ሊሄድ ነው?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እውነቱ ያ ነበር።

ቀትር ላይ አባ ሹመት መጡ። ማንም አልጠራቸውም። በትራቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡና ገንዳውን አዩ።

«እኒህ ነጮቹ?»

«ሞተዋል አባ።»

«እኒህስ?»

ነጭ ካልሆኑት አንዱን ከነአጎበሩ ቆርጬ በሳህን ውሃ ውስጥ አደረግኩና ማጉያውን ሰጠኋቸው። መጀመሪያ ቢጠጉ አልታያቸውም፤ እጃቸውን ይዤ አስተካከልኩላቸው። ከዚያ ማጉያውን ይበልጥ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። እዚያ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ክብ፣ ጠራ ያለ ዓለም፤ በመካከሉ ከክር የቀጠነ ጅራት ያለው ፍጡር። ልቡ ይመታል። ጅራቱን ድንገት ያወናጭፋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያወናጭፋል።

«ይመታል» አሉ አባ ሹመት በሹክሹክታ። «ይኸ ነገር ይመታል።»

«ልቡ ነው።»

«ልብ? ለዚች? ልብ አላት?» ማጉያውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ መልሰው አነሱት። ከዚያም በኽምጣና አንድ ነገር አሉ። ጥሩነሽን ምን እንዳሉ ጠየቅኳት። «የማይታይ ስንት ፈጠርህ፣ ነው የሚሉት» አለችኝ።

ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያየ ሁሉ መልሶ ያያል። ዑስማን የአባቱን ሱቅ ዘግቶ መጥቶ ነበር፤ «ሱብሓነላህ» አለና ተራውን ለሌላ ሳይሰጥ ደግሞ አየ። ኪሮስ የመጨረሻው ነበር። ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ሲቀና መዳፎቹን ሸሚዙ ላይ ደጋግሞ ጠረጋቸው፣ ያላባቸው ይመስል።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገንዳው ውስጥ ጫጩቶች ነበሩ። ከመርፌ የሚያጥሩ፣ ሆዳቸው ሥር የእናታቸውን ስንቅ የተሸከሙ፣ ወደ ጨለማው ጥግ ተሰብስበው እንደ አንድ ጥላ የሚርገበገቡ። ብዙ አልነበሩም። ከወጣው እንቁላል አንጻር እጅግ ጥቂት። ግን ነበሩ።

ስብሰባው ዋርካ ሥር ተደረገ። እኔ ዳር ተቀምጫለሁ። የተነገረው ሁሉ አልገባኝም፤ ክርክር ነበር፤ አንድ ወጣት ችግኝ ችግኝ እያለ ተቆጣ፤ እሱም እውነት አለው። አባ ሹመት በመጨረሻ ተነስተው በአማርኛ የተናገሩት፣ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ ይህን ነው፤ «እኔ ይኸን ዓሣ አልበላም፣ ስሞትም አልበላም። ግና ልቡን አይቻለሁ። ልብ ያለውን ነገር ቤቱን አላፈርስበትም። ለችግኙ የኔን ጓሮ ውሰዱ።»

ጥሩነሽ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች።

መመለሻ

ከሰቆጣ ስነሳ ሴቶቹ ነጭ የዋግ ማር በጣሳ ሞልተው ሰጡኝ። ኪሮስ እስከ መናኸሪያው ሸኘኝ። ጫጩቶቹን ምን እንደሚያበሉ፣ ውሃውን መቼ እንደሚቀይሩ ነገርኩት፤ ሁሉንም ደጋግሞ አስነገረኝ። በሚቀጥለው ክረምት እጢውን እሱ ራሱ ያወጣል፤ ያለ እኔ። እንዲህ ነው መሆን ያለበትም።

ይህ ጉዞ ምን አስተማረኝ ብዬ መንገዱን ሁሉ አሰብኩ። ዓሣን በመርፌ ማዋለድ ከለመድኩ ቆይቻለሁ፤ ሥራውን እየለመድኩት ስሄድ የሚያስደንቀውን ነገር ቁጥርና ሙቀት አድርጌው ነበር። ሰቆጣ ላይ ግን የእኔ ሥራ ትንሽ መሆኑን አየሁ። መልእክቱን እኔ አልሠራሁትም። ተከዜ ላይ ዝናብ ሠራው፤ አንዲት እጢ ያዘችው፤ እኔ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ያሻገርኩ ተላላኪ ነኝ። የባሕር ዓሣም፣ የደጋ ኩሬ አምባዛም፣ አጥር ውስጥ ሆነው የሚጠብቁት አንድ ነገር ነው። ሰው ያንን ነገር መተካት ይችላል፤ በጥቂቱ፣ በድካም፣ ብዙ አጥፍቶ። ይህን ማወቅ አላሳነሰኝም። ደስ አለኝ።

ባሕር ዳር በገባሁ በሦስተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ዘነበ። ይህን ያህል ዓመት ጣና ዳር ስኖር፣ ገንዳ ላይ ጎንበስ ስል፣ አምባዛ በገዛ ፈቃዱ ሲወልድ አንድም ቀን ሄጄ አላየሁም። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ቦቲ ጫማ አድርጌ ሐይቁ ወደሚሞላበት ሣር ወረድኩ። ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። ጥቂት ቆሜ ሳለሁ ሣሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እዚህ፣ እዚያ፣ ቀጥሎ በየቦታው። ትልልቅ ጥቁር ጀርባዎች ከውሃው ወጥተው ይገባሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጠመዘዛሉ፤ ቦቲዬን እየገፉ ያልፋሉ። ሜዳው ሁሉ ይፈላ ጀመር።

ስልኬን አውጥቼ ኪሮስ ጋ ደወልኩ።

«ዝም ብለህ ስማ» አልኩትና ስልኩን ወደ ውሃው ዝቅ አደረግኩት።

ብዙ ቆየሁ። እጄ ሲዝል ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት።

«ኪሮስ? አለህ?»

«አለሁ» አለኝ፤ ድምፁ ቀጥኖ። «አትዝጊው፤ እንደገና አድርጊው።»